ሞተሩ የሚተነፍሰው ከየት ነው? ስለ ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ አመራረጥና አሠራር

አንድ ሊትር ቤንዚን በአግባቡ ለመቃጠል 11 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ይፈልጋል፤ ይህም በባሕር ጠለል ከፍታና በመካከለኛ የአየር ሙቀት ሲሰላ ከ9,000 ሊትር በላይ ይሆናል። የሞተር ጉልበት በዋናነት የሚወሰነው በእያንዳንዱ የመሳብ ምት ወደ ሲሊንደሩ በሚገባው የአየር ክብደት ነው። ነዳጁማ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ጥቂት ዘግይቶ እንዲዘጋ በማድረግ ብቻ ሊጨመር ይችላል፤ የሚቃጠልበት አየር ከሌለ ግን ጭስ ሆኖ ከመውጣት በቀር ፋይዳ የለውም። ብዙ አሽከርካሪዎች በመኪናቸው ላይ ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ ለማስገጠም የሚነሡት ከዚህ እውነት ተነሥተው ነው፤ መነሻቸውም ትክክል ነው። ችግር የሚመጣው የሞተሩ የአየር መንገድ የቱ ጋ እንደሚጠብና የቱ ጋ እንደሚሞቅ ሳይታወቅ ገንዘብ ሲወጣ ነው።

ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ ማለት ሞተሩ በኮፈን ሥር የታፈነውን የጋለ አየር ትቶ የውጭውን አየር እንዲስብ የሚያደርግ ቧንቧ፣ ማጣሪያና የማጣሪያ ሣጥን ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር አብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች ከፋብሪካ የሚወጡት ይህንኑ ይዘው መሆኑ ነው። ኮፈኑን ከፍተው ከማጣሪያው ሣጥን ወደ ፊት የሚሄደውን የፕላስቲክ ቱቦ በእጅዎ እየዳሰሱ ቢከተሉት፣ አፉ ከራዲያተሩ በላይ፣ ከፊት መብራቱ ጀርባ ወይም በፓራፋንጎው ውስጥ ተከፍቶ ያገኙታል። እዚያ የሚደርሰው አየር የውጭ አየር ነው። እንዲህ ካለ መኪና ላይ የፋብሪካውን ሣጥን አውጥቶ ክፍት ማጣሪያ ከሞተሩ አጠገብ መትከል፣ ዕቃው ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ ተብሎ ቢሸጥም እንኳ፣ ሞተሩን ከቀዝቃዛ አየር አውጥቶ ወደ ሙቅ አየር ማዛወር ይሆናል።

የሙቀቱ ልዩነት ምን ያህል ያመጣል የሚለው በቁጥር መታየት አለበት። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በ60 ዲግሪ ሲሆን ክብደቱ ወደ 1.06 ኪሎ ግራም ይወርዳል። የ12 በመቶ ልዩነት መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ የሞተሩ ጉልበት በዚሁ ልክ አይጨምርም፤ ቀዝቅዞ የመጣው አየር ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ፣ በቫልቮቹና በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ሲያልፍ እንደገና ስለሚሞቅ የትርፉ ከፊል እዚያው ይቀራል። በዚህ ምክንያት የሞተር ጉልበት በሚለካበት ኤስኤኢ ጄ1349 በተባለው ደንብ ውስጥ የአየር ሙቀት ልዩነት የሚታረመው ከዜሮ ኬልቪን ተነሥቶ በሚቆጠረው ሙቀት ስኩዌር ሩት ነው። በተግባር ሲተረጎም በየ10 ዲግሪው ቅዝቃዜ የሚገኘው ጭማሪ 1.7 በመቶ አካባቢ ነው። 60 ዲግሪ የሞቀ አየር ይስብ የነበረ ባለ 120 የፈረስ ጉልበት ሞተር 35 ዲግሪ አየር ቢያገኝ ከ4 እስከ 5 የፈረስ ጉልበት ያተርፋል። ይህ የሚናቅ አይደለም፤ ግን በማስታወቂያ ላይ እንደሚነገረው መኪናውን ሌላ መኪና አያደርገውም። አስቀድሞም የሚስበው አየር ከውጭው በ5 ዲግሪ ብቻ የሚበልጥ ከሆነ፣ ከቅዝቃዜ በኩል የሚገኘው ትርፍ ከ1 በመቶ አይዘልም።

ስለዚህ ሥራው ከመለኪያ ይጀምራል። የመጀመሪያው መለኪያ ቀላል ነው። በመኪናው የምርመራ መሰኪያ ላይ የሚሰካ ተራ የኮድ ማንበቢያ የሚገባውን አየር ሙቀት ያሳያል፤ በቀጥታ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት እየተነዳ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቁጥሩ ተመዝግቦ ከውጭው ሙቀት ጋር ይነጻጸራል። በትራፊክ መካከል ቆሞ የሚታየው ቁጥር ከፍ ማለቱ አያስደንግጥ፤ የቆመ መኪና በኮፈኑ ሥር ሙቀት ያከማቻል፣ ያኔ ደግሞ ሙሉ ጉልበት የሚጠይቀው የለም። ሊታይ የሚገባው መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ ሲፈጥን ቁጥሩ በምን ያህል ጊዜ ወደ ውጭው ሙቀት እንደሚወርድ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የግፊት መለኪያ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ዕውቀት ውስጥ እጅግ ጠቃሚው ይህ ይመስለኛል፤ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። ውስጡን የሚያሳይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ግማሽ ድረስ ቀለም የገባበት ውኃ ተሞልቶ መሐሉ ወደ ታች ታጥፎ በአንድ ጣውላ ላይ ይታሰራል፤ ሁለቱ ክንዶች ጎን ለጎን ቆመው ውኃው በሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ያርፋል። አንደኛው ጫፍ ክፍት ይተዋል፤ ሌላው በረዘመ ቱቦ ከአየር ማስገቢያው መንገድ ጋር ይገናኛል። ሞተሩ ሲስብ በአንደኛው ክንድ ውኃው ይወጣል፣ በሌላው ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የጠፋው ግፊት 1 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ይህም በባሕር ጠለል ከፍታ ካለው የአየር ግፊት 1 በመቶ ስለሆነ የሚያስከፍለው ጉልበትም በዚያው ገደማ ነው። ክንዶቹ ውኃው ተስቦ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ከአንድ ሜትር ማነስ የለባቸውም። ልኬቱ የሚወሰደው ሰው በሌለበት መንገድ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሩ ወደ ከፍተኛ ዙሩ ሲቃረብ ነው፤ ቱቦውን የሚያነበውም አሽከርካሪው ሳይሆን ከጎኑ የተቀመጠው ሰው መሆን አለበት።

የዚህ መለኪያ ትልቁ ጥቅም ጥፋቱ የት እንዳለ ለይቶ ማሳየቱ ነው። ቱቦው መጀመሪያ ከማጣሪያው በፊት፣ ቀጥሎ ከማጣሪያው በኋላ፣ በመጨረሻም ፔዳሉ ሲረገጥ ተከፍቶ አየር የሚያሳልፈው ትሮትል ቫልቭ አጠገብ ቢሰካ፣ በሦስቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት እያንዳንዱ ክፍል የሚወስደውን ግፊት ይናገራል። ከማጣሪያው በፊት 15 ሴንቲ ሜትር ጠፍቶ ማጣሪያው ራሱ የሚጨምረው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ውድ ማጣሪያ መግዛት ምንም አይለውጥም፤ መስፋት ያለበት ከሣጥኑ ፊት ያለው ጠባብ አፍ ነው። ብዙ ሰዎች መጀመሪያ የሚቀይሩት ማጣሪያውን ነው፤ በእጅ የሚያዝና በዓይን የሚታይ ስለሆነ ይመስለኛል። በቂ ስፋት ያለው ንጹሕ የወረቀት ማጣሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ከመንገዱ ሁሉ ትንሹን ግፊት የሚወስድ ክፍል ነው።

በገበያ ላይ የሚገኙት ዓይነቶች በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። አጭሩ ቧንቧና በጫፉ የተገጠመው ክፍት ማጣሪያ ርካሽና ለመግጠም ቀላል ነው፣ ድምፁም ደስ ይላል፤ የሚስበው ግን የኮፈኑን ሥር ሙቀት ስለሆነ በቀስታ በሚነዳ መኪና ላይ ጉልበት ሊቀንስ ይችላል። ረጅሙ ቧንቧ ማጣሪያውን ወደ ፓራፋንጎው ወይም ከፓራውልቱ ጀርባ ያወርደዋል፤ አየሩ በእርግጥም ቀዝቃዛ ነው፣ ነገር ግን ማጣሪያው ለጎርፍ፣ ለጭቃና ለአቧራ ይቀርባል። ሦስተኛው ከፋብሪካው ሣጥን የሰፋ፣ ከሞተሩ ሙቀት በግድግዳ የተለየና ከውጭ ብቻ የሚስብ ዝግ ሣጥን ነው። ምርጫው ለእኔ ቢተው በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ከሦስተኛው ሌላ አልመክርም። ዝግ ነው በሚል ስም የሚሸጥ ሆኖ ከኮፈኑ ጋር የሚገጥምበት ጠርዝ ላይ ጎማ የሌለው ሣጥን ግን ክፍት ማጣሪያ እንደሆነ መቆጠር አለበት፤ ሙቅ አየር በጠርዙ በኩል ይገባልና።

ራሱ ለመሥራት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የቧንቧውን ስፋት ነው። ባለ 2 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6000 ዙር ሲሽከረከር ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ ይሞላሉ ቢባል በሰከንድ 100 ሊትር አየር ይስባል፤ ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚስብ ነው። ይህ አየር በውስጥ ስፋቱ 63 ሚሊ ሜትር በሆነ ቧንቧ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 32 ሜትር ይደርሳል፤ ቧንቧው 76 ሚሊ ሜትር ቢሆን ወደ 22 ሜትር ይወርዳል። በመታጠፊያና በመግቢያ ላይ የሚጠፋው ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ ሁለተኛው ቧንቧ የሚያጠፋው የመጀመሪያውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከዚህ በላይ ማስፋት ለእንዲህ ያለ ሞተር ትርፉ ኢምንት ነው፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው የአየር ሞገድ ስለሚለወጥም በዝቅተኛ ዙር ያለው የመጎተት አቅም ሊቀንስ ይችላል።

ከስፋቱ ይልቅ ትኩረት የተነፈገው የቧንቧው አፍ ነው። በመጋዝ ተቆርጦ እንዲሁ የተተወ፣ በአየር መካከል የወጣ የቧንቧ ጫፍ አየሩ በጠርዙ ዙሪያ ተቀድዶ እንዲገባ ያስገድደዋል፤ ከላይ በተሰላው 63 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ላይ ይህ ብቻውን ግማሽ ኪሎ ፓስካል ያህል ሊወስድ ይችላል። አፉ እንደ ጥሩምባ ወደ ውጭ ተከፍቶ ጠርዙ ቢለሰልስ ይኸው ኪሳራ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። መታጠፊያዎቹም ሰፊ ቅስት ያላቸውና ሲታጠፉ ውስጣቸው ያልተጨማደደ መሆን አለበት። ሁለት ሰዓት የሚወስድ የእጅ ሥራ እዚህ ላይ ከተዋበ የአሉሚኒየም ቧንቧ የበለጠ ይሠራል።

ቧንቧው ከብረት ይሁን ከፕላስቲክ የሚለው ክርክር ከሚገባው በላይ ይጋነናል። አሉሚኒየም ቶሎ መጋሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ አየሩ አንድ ሜትር ርዝመት ያለውን ቧንቧ ከአንድ ሰከንድ ሃያኛ ባነሰ ጊዜ ስለሚያልፍ ብዙ ሙቀት ለመቀበል ፋታ የለውም። በሚኒሞ ሲሠራና በቀስታ ሲነዳ ልዩነቱ ይታያል። ፕላስቲክ ቀላል፣ ርካሽና ሙቀት የማያሳልፍ ስለሆነ በቂ ምርጫ ነው፤ የኮፈኑን ሥር ሙቀትና የቤንዚን ትነት የሚቋቋም ዓይነት መሆኑ ብቻ ይረጋገጥ። የቤት ውኃ መስመር ቧንቧ ሲግል የሚለሰልስ ስለሆነ ለዘለቄታው አይታመንም።

መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ነፋሱ በራሱ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል የሚለው ሐሳብም እንዲሁ በስሌት ይፈተሻል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፊት ለፊት የሚመጣው ነፋስ የሚፈጥረው ግፊት ግማሽ ኪሎ ፓስካል አይሞላም፤ ሁሉም ቢያዝ እንኳ ግማሽ በመቶ ማለት ነው። አፉን ወደ ፊት ማዞር የሚጠቅመው ቀዝቃዛ አየር ስለሚገኝበት ነው፤ ከግፊቱ ብዙ አይጠበቅ።

አሁን ብዙ ሞተር ወደሚጎዳበት ጉዳይ እንመጣለን። በአያሌ መኪኖች ላይ ከማጣሪያው በኋላ የአየሩን መጠን የሚለካ ማፍ የሚባል ሴንሰር አለ። በውስጡ ያለው የሚሞቅ ቀጭን ሽቦ ወይም ስስ ሽፋን የሚያልፈው አየር ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዘው ተለክቶ የሞተሩ ኮምፒውተር የነዳጁን መጠን ይወስናል። ሴንሰሩ የሚያየው ግን አጠገቡ የሚያልፈውን ጥቂት አየር ብቻ ነው፤ ጠቅላላውን መጠን ኮምፒውተሩ የሚገምተው ቧንቧው የተወሰነ ስፋት እንዳለው አስቀድሞ ስለተነገረው ነው። ሴንሰሩ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው የፋብሪካ ቤቱ ወጥቶ 77 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ላይ ቢተከል አየሩ የሚያልፍበት የቧንቧው ገጽ በ21 በመቶ ይሰፋል፤ አየሩ በዚያው ልክ ይዘገያል፣ ሴንሰሩም እውነተኛውን መጠን በ17 በመቶ ያህል አሳንሶ ይናገራል። በቀስታ በሚነዳበት ጊዜ በጭስ መውጫው ላይ ያለው ኦክሲጅን ሴንሰር በሚሰጠው መረጃ ስሕተቱ ይታረማል። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ግን ብዙ ሞተሮች በዚህ እርማት ስለማይመሩ ነዳጁ ያንሳል፣ ማቃጠያው ይግላል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ሲቀጥልም ፒስተን ይበሳል።

በዚህ ምክንያት የሚገዛውም ሆነ የሚሠራው ቧንቧ የሴንሰሩን የመጀመሪያ ቤት እንዳለ መጠቀም፣ ወይም በውስጥ ስፋቱ በትክክል ከእርሱ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ሴንሰሩም ከመታጠፊያ ራቅ ብሎ ቀጥ ባለ ክፍል ላይ፣ አቅጣጫው ሳይቀየር ይቀመጣል። በቤቱ መግቢያ ላይ የሚታየው ቀጭን መረብ አየሩን የሚያስተካክል ስለሆነ ቆርጦ መጣል አይገባም። ከሞተሩ የዘይት ክፍል የሚመጣው የመተንፈሻ ጎማም ወደ ነበረበት፣ ማለትም በሴንሰሩና በትሮትል ቫልቩ መካከል ወዳለው ቦታ መመለስ አለበት፤ ትንሽ ማጣሪያ ተደርጎለት በአየር ላይ ቢተው በዚያ በኩል ያልተለካ አየር ይገባል። ከማፍ ይልቅ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊትና ሙቀት በሚለኩ መኪኖች ላይ ይህ አደጋ በእጅጉ ያነሰ ነው። የሙቀት ሴንሰሩን በሬዚስተር አታልሎ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ማሰኘት ግን በየትኛውም መኪና ላይ መደረግ የሌለበት ነው፤ አየሩ ሲግል ኮምፒውተሩ የካንዴላውን ብልጭታ የሚያዘገየው ሞተሩን ለማዳን ነውና።

ማጣሪያው ሁለተኛው ከባድ ጉዳይ ነው። የመንገድ አቧራ በአብዛኛው ሲሊካ ያለበት ሲሆን በዘይቱ ላይ ሲያርፍ የፒስተን ቀለበቶችንና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል። ጥሩ የወረቀት ማጣሪያ አይኤስኦ 5011 በተባለው የፍተሻ ደንብ ሲፈተን ከሚመጣበት አቧራ ከ99 በመቶ በላይ ያስቀራል። 97 በመቶ የሚያጠራ ሌላ ማጣሪያ ከ99ኙ ብዙም የማይለይ ይመስላል፤ የሚያሳልፈው ግን 3 በመቶ ነው፣ ያኛው ደግሞ 1፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው አቧራ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት የፈረስ ጉልበት ሲባል ይህን መቀበል፣ በተለይ አቧራማ መንገድ ለሚበዛበት መኪና፣ ፈጽሞ የሚያዋጣ አይደለም። ዘይት የሚቀባው የጥጥ ማጣሪያም ዘይቱ ከበዛበት ተስቦ በማፍ ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል።

ማንም በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። አዲሱ ማጣሪያ ከተገጠመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቧንቧው ከማጣሪያው ጀርባ ተፈትቶ የውስጡ ግድግዳ በነጭ ጨርቅ ይጠረጋል። ጨርቁ ላይ ቀጭን ቡናማ ብናኝ ከታየ፣ በጣትና በጣት መካከል ሲታሽም የሚቆረቁር ከሆነ፣ ማጣሪያው እያሳለፈ ነው ወይም ከቧንቧው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ አልገጠመም። ከሁለቱ በብዛት የሚያጋጥመው የጠርዙ ነው። ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ አውጥቶ ማራገፍም አይረዳም፤ በላዩ የሚጋገረው ስስ የአቧራ ሽፋን ራሱ ጥሩ አጣሪ ስለሆነ አዲስ ማጣሪያ ከጥቂት አገልግሎት በኋላ የተሻለ ያጠራል።

ወደ ታች ለወረደ ማጣሪያ ውኃ ትልቁ ጠላት ነው። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ በሲሊንደሩ ውስጥ ውኃ ካገኘ የሚታጠፈው ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢዬላው ነው፣ ሞተሩም እዚያው ያልቃል። ማጣሪያው በውኃ ሲሰጥም ከላይ ተከፍቶ አየር የሚያስገባ ቫልቭ የተገጠመላቸው ቧንቧዎች አሉ፤ ይረዳሉ፣ ዋስትና ግን አይሆኑም። ጎርፍ የሚያቋርጥ መኪና ላይ የአየሩ አፍ ከፋብሪካው አፍ በታች መውረድ የለበትም።

ነዳጅ ይቆጥባል ብሎ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል። በተለመደ አነዳድ ላይ የቤንዚን ሞተርን አየር የሚገድበው ትሮትል ቫልቩ ራሱ ስለሆነ ከእርሱ በፊት ያለው መንገድ ቢሰፋ ቫልቩ ጥቂት ይበልጥ ከመዘጋት በቀር የሚለወጥ ነገር የለም። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት በዘመናዊ ባለ ኢንጀክተር ቤንዚን መኪኖች ላይ የተዘጋ ማጣሪያ እንኳ የነዳጅ ፍጆታን በሚታይ መጠን እንዳልለወጠ፣ የሚጎዳው የመፍጠን አቅምን እንደሆነ ታይቷል። አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ጉዳዩ ይለያል፤ ከቱርቦው በፊት የሚጠፋ ግፊት ቱርቦው ይበልጥ እንዲለፋና አየሩን ይበልጥ እንዲያሞቅ ስለሚያደርግ የመግቢያው ስፋት እዚያ ዋጋ አለው፤ የአየሩን ቅዝቃዜ ግን በብዛት የሚወስነው የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ነው።

ከፋብሪካው ቱቦ ላይ እንደ እንጉዳይ የተንጠለጠሉት ባዶ ሣጥኖች የመሳቢያውን ጩኸት የሚያፍኑ ናቸው። እነርሱን ማውጣት ድምፅ ይጨምራል፤ ብዙውን ጊዜ ጉልበት ጨመረ የሚባለውም ይኸው ድምፅ ነው። ሕጉም መታየት አለበት፤ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ከፋብሪካ ውጭ የተሠራ የአየር ማስገቢያ በሕዝብ መንገድ ላይ ለመዋል ከግዛቲቱ የአየር ሀብት ቦርድ የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው መንገድ እንግዲህ የፋብሪካውን ሣጥንና ማጣሪያ ሳይነኩ ከሣጥኑ ፊት ያለውን ክፍል ማሻሻል ነው። ከፍርግርጉ ጀርባ ወይም ከራዲያተሩ ጎን የውጭ አየር የሚገኝበት ቦታ ተመርጦ፣ ከቀድሞው የሰፋ ተጣጣፊ ቱቦ አፉ ለስልሶ እዚያ ይዘረጋል፤ ሣጥኑ ላይ ያለው ጠባብ መግቢያ ይሰፋል፣ በሣጥኑና በጭስ መውጫው ማኒፎልድ መካከልም የሙቀት መከለያ ሉህ ይቆማል። ማፍ ሴንሰሩ አይነካም፣ ማጣሪያው ያው ነው፣ የመተንፈሻው ጎማ ባለበት ይቆያል፤ ስለዚህ ቢበላሽ የሚበላሽ ነገር የለም። ቱቦው በቢላዋ ከተቆረጠ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ስብርባሪ ተጠርጎ መውጣት፣ መገጣጠሚያዎቹም ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እንዳይላቀቁ በብረት ቀለበት መጥበቅ አለባቸው። የወጣውን የፋብሪካ ዕቃ ማስቀመጥም ብልህነት ነው።

ሥራው ሲያልቅ የውኃው ቱቦና የኮድ ማንበቢያው እንደገና ይወጣሉ፤ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ማርሽ፣ በተቀራራቢ የአየር ሙቀት የቀድሞዎቹ ልኬቶች ይደገማሉ። የግፊት ኪሳራው ካልቀነሰና የአየሩ ሙቀት ካልወረደ ሞተሩ ያገኘው ነገር የለም፤ ጠባቡ ቦታ ሌላ ነውና ፍለጋው ይቀጥላል። በማንበቢያው ላይ ኮምፒውተሩ በረጅም ጊዜ የሚያደርገውን የነዳጅ እርማት ማየትም ያስፈልጋል። ከሥራው በፊት በዜሮ አካባቢ የነበረው ቁጥር 10 በመቶና ከዚያ በላይ ጨምሮ ከተገኘ፣ ወይም የነዳጅ ማነስን የሚያመለክተው ፒ0171 የተባለው ኮድ ከመጣ፣ ከሴንሰሩ በኋላ አየር የሚያስገባ ክፍተት አለ ወይም ሴንሰሩ አሳንሶ እየለካ ነው፤ ምክንያቱ ተገኝቶ እስኪስተካከል ድረስ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው መረገጥ የለበትም።